ትንፋሽ የምትወጣባት ቀዳዳ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ከግማሽ መንገድ ተመልሼ እጀታውን እወዘውዛለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ከመነሳቱ በፊት ጎማውን አያለሁ። ባለቤቴ "አንች እኮ ስትታመሚ ቴርሞሜትሩንም አታምኝም" እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ነው፣ አላምነውም። ይህ ጠባይ ለጉርብትና አይመችም፤ ለሥራዬ ግን ተስማምቶኛል። ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ከእኛ አቅም በላይ ለሆነ በሽተኛ ሪፈር ሲጻፍለት፣ አምቡላንሱ ውስጥ አብሬው ተቀምጬ ባሕር ዳር የማደርሰው እኔ ነኝ።

ከአምቡላንሱ ዕቃ ሁሉ አጥብቄ የምጠረጥረው የኦክስጅኑን ሲሊንደር ነው። ሰው ሲያየው ብረት ነው። ውስጡ ያለው ግን እዚያ ይገባል ተብሎ የማይታሰብ ብዙ ጋዝ ነው፤ በኃይል ተጠቅጥቆ የገባ፣ ቢለቁት ክፍሉን ሞልቶ የሚተርፍ። ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ የምትናገረው አናቱ ላይ ባለው ጌጅ ውስጥ ያለችው መርፌ ናት። የመርፌዋን ቁጥር በሲሊንደሩ ሆድ መጠን ታባዣለሽ፣ በሽተኛው በደቂቃ በሚወስደው ታካፍያለሽ፣ የት ድረስ እንደሚያደርስሽ ይነግርሻል። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። መርፌዋ ልትዋሽ እንደምትችል ግን መጽሐፉ አይልም። ስንት ጊዜ ሙሉ ብላኝ መራዊ ሳንደርስ ወደ ባዶ እንደዞረችብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላም ነገር ተምረናል። ጋዝ በተዘጋ ቦታ ውስጥ ካለ፣ ከፍታ ሲጨምር ያብጣል። ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ ከውጭ የሚጫነው ይቀንስና ውስጥ ያለው ይለጠጣል። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ይህ ነገር ይበልጥ የሚመለከተው በሽተኛን በአውሮፕላን የሚያጓጉዙትን ነው ብሎ አልፎት ነበር። እኛ አውሮፕላን የለንም። ከቡሬ በላይ ያለው ዳገት ግን አለን።

የዚያን ቀን የያዝኩት በሽተኛ ከሽንዲ በኩል የመጣ ወጣት ገበሬ ነበር። አውድማ ላይ ሲያበራዩ አንደኛው በሬ ደንብሮ ቀንዱን ደረቱ ላይ ሰካበት። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አድርሰውታል። የቀንዱ ጫፍ ሳምባውን በስቶት ስለነበር፣ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር አየሩ ከሳምባው እየሾለከ ደረቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ደግሞ መልሶ ሳምባውን ይጨፈልቀዋል። ሐኪማችን በጎድኑ መሀል ቱቦ አስገብቶ ያን አየር አስወጣለት። የቱቦው ጫፍ ወለል ላይ የምትቀመጥ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። አየሩ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ውሃው ስለሚዘጋው ግን ተመልሶ አይገባም። በጠርሙሷ ክዳን ላይ ሌላ አጭር ቱቦ አለች፣ አፏ ክፍት የሆነ። ቡልቅ ያለው አየር ሁሉ መውጫው በእሷ ነው። ቡልቅታው አልቆም ስላለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይየው ተባለና ባሕር ዳር ተጻፈለት።

አስታማሚው እናቱ ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ፣ ብዙ የማይናገሩ እናት። በእጃቸው ግማሽ ድረስ ጠበል ያለባት ሃይላንድ ይዘዋል፤ ያቺን የውሃ ፕላስቲክ። በጉያቸው ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው "ከደብራችን ያመጣሁት ጧፍ ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?" አሉኝ። አምቡላንስ ውስጥ እሳት አይለኮስም ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። አዩኝና ጥቅሉን ወደ ጉያቸው መልሰው ከተቱት።

እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው፣ ምን እደብቃለሁ። በእኛ አካባቢ "ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም" የሚል ወሬ አለ። በሽተኛው ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ኦክስጅኑን የምናደርግለት ነፍሱ ስትጨነቅ ስለሆነ፣ ሰው የሞተው በማስኩ ይመስለዋል። ዞር ስል ማስኩን ከበሽተኛው ፊት ያነሱ አስታማሚዎች በዓይኔ አይቻለሁ፤ አዝነውለት ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ እኒህን እናት ከልጃቸው ራስጌ አርቄ ግርጌው ላይ አስቀመጥኳቸው። እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ብዬም ጠርሙሷን በእግራቸው መሀል አኖርኩላቸው።

"እንዳትወድቅ ደግፈው ይያዙልኝ፣ እማማ። ከፍ እንዳያደርጓት፤ ከልጁ ዝቅ ብላ ነው መቀመጥ ያለባት።"

"ኧረ እሽ። እይዛለሁ።"

ይህን ብዬ ወደ ሲሊንደሬ ዞርኩ። ስለጠርሙሷ የነገርኳቸው ይኸው ብቻ ነበር።

ሲሊንደሩ ከጠዋት ጀምሮ አልጣመኝም። ዕቃ ክፍሉ "አዲስ የተሞላ ነው" ብሎ ነው የሰጠኝ። መርፌዋም ሙሉ ትላለች። ግን ስከፍተው መርፌዋ ትንሽ እንኳ አልነቃነቅ አለች፤ በጣቴ መታ ሳደርጋት ዝቅ ብላ ቆመች። ሾፌራችን ከፊት ሆኖ በመስተዋት ያየኛል። አብረን ብዙ መንገድ ተመላልሰናል፣ ነገሬን ያውቃል።

"ምነው ሲስተር፣ ዛሬ ደግሞ ብረት ደበደብሽ?"

"ይህን ሲሊንደር ትናንት ማን ነው ይዞት የወጣው?"

"እኔ ምን አውቄ? አንች እኮ ጥላሽንም መታወቂያ አሳይኝ ነው የምትይው።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚህ ሰው ላይ እንኳ ጥርጣሬዬ ተነሳ፤ ትናንት ሌላ በሽተኛ አድርሶ ሲመለስ ሳይዘጋው የቀረ መሰለኝ። ቁጥሩን በጭንቅላቴ አባዛሁ፣ አካፈልኩ። መርፌዋ እውነት ከተናገረች ባሕር ዳር ያደርሰናል። ካልተናገረች ዳንግላም አያደርሰንም። በሽተኛው ግን ደህና ነበር። ጣቱ ላይ የሰካሁት የደም ኦክስጅን መለኪያ ጥሩ ያሳያል፣ ዓይኑን ከፍቶ የመኪናውን ጣሪያ ያያል፣ ጠርሙሷም በየትንፋሹ ቡልቅ ትላለች።

የቡሬ መውጫ ላይ ገመድ ተወጥሮ አስቆሙን። በዚህ ዘመን መንገድ ላይ ተጠራጣሪዋ እኔ ብቻ አይደለሁም። አንድ ጠመንጃ ያነገተ ጎልማሳ የኋላውን በር አስከፍቶ ወደ ውስጥ አጮለቀ። በሽተኛውን አየ፣ እናትዮዋን አየ፣ ሲሊንደሩ ላይ ዓይኑ ቀረ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ኦክስጅን ነው። ለሚታመም ሰው መተንፈሻ።"

"ውስጡን ክፈችና አሳይኝ።"

"ውስጡ የሚታይ ነገር የለውም፣ ወንድሜ። አየር ነው።"

"የማይታይ ነገር ለምን በብረት ታሰረ?"

እውነት ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ እያለኝ እመልስለት ነበር። ሪፈሩን ይዤ ወረድኩ፤ ወረቀቱን አነበበ፣ ለሌላው ሰጠው፣ ሌላውም አነበበ። ሾፌሩም ወርዶ ተለማመጠ። እኔ ፊቴን ወደ ሰዎቹ፣ ጀርባዬን ወደ በሩ አድርጌ እየተሟገትኩ ነበር። በመጨረሻ ጎልማሳው ወደ ውስጥ እንደገና አጮልቆ እናትዮዋን "እግዜር ይማርልዎ" አላቸውና ገመዱ ተፈታ።

ተመልሼ ስገባ እናትዮዋ ነጠላቸውን ጠርሙሷ ላይ ጣል አድርገውባታል። ሰው እንዳያያት፣ ዓይን እንዳይበላት የሸፈኗት መሰለኝ። እኔን ያስጨነቀኝ የልጁ ማስክ ነበር። ማስኩ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ብሏል። ዓይኔን በእናትዮዋ ላይ ተከልኩ።

"እማማ፣ ነክተውታል?"

"ምኑን?"

"የፊቱን።"

"ላቡን ጠረግሁለት። ላብ መጥረግም ክልክል ነው?"

አስተካከልኩትና ዳገቱን ተያያዝነው።

ያን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው ያቃስታል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ብዙም ሳንርቅ ጣቱ ላይ ያለው ቁጥር መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ንዝረቱ ነው አልኩ። ጣቱን ቀይሬ ሰካሁ፣ ቁጥሩ አሁንም ይወርዳል። ልጁ ትንፋሹን ማሳጠር ጀመረ። ኦክስጅኑን ጨመርኩለት። መርፌዋ አሁን በደንብ ትወርድ ጀመር፤ የጣቱ ቁጥር ግን ከፍ አላለም።

"ውሸታም!" አልኩ ሲሊንደሩን። ሾፌሩ የሰደብኩት እሱን መስሎት "ምን አደረግሁ?" አለ።

"ይህ ነገር ባዶ ነው! ያኔም ብየ ነበር! ማን ነው የነካው?"

"ሲስተር፣ በማርያም፣ እኔ አልነካሁትም። ላቁምልሽ?"

"አታቁም!"

ማስኩን ከልጁ ፊት አንስቼ ራሴ ፊት ላይ አደረግሁት። ቀዝቃዛው አየር እየተፍለቀለቀ ፊቴን መታኝ። አለ። ጋዙ አለ፣ በደንብ አለ። መልሼ ለልጁ አደረግሁለት። ሲሊንደሩን ያለ ጥፋቱ ነበር የሰደብኩት፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። የአንገቱ ሥሮች ተገትረዋል። የቆሰለው ጎኑ ከሌላው ጎን ከፍ ብሎ ቆሞ ቀርቷል፣ ሲተነፍስ አይንቀሳቀስም። ከንፈሩ መልኩን ለወጠ።

ተጠራጣሪ ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሰው ወነጀልኩ።

"ምን አጠጡት?" አልኳቸው እናትዮዋን። "እኔ ወርጄ ሳለሁ ጠበል አጠጥተውታል? እውነቱን ይንገሩኝ፣ እማማ፣ በሳምባው ገብቶ ይሆናል!"

"እኔ? ለልጀ?" አሉ። "ጠብታ አላቀመስሁትም! ከንፈሩን እንኳ አላረጠብሁለትም፣ አንችን ፈርቸ። ከተነሳን ጀምሮ እንደ ሌባ ስታይኝ ነው የመጣሽ። አሁንስ እረጨዋለሁ፤ ከፈለግሽ አውርጅኝ!"

ጉያቸው ከተዋት የነበረችውን ጠበል መዘዙ። ሃይላንዷ ተነፍታለች። ፍኖተ ሰላም ላይ ስትከደን ግማሿ ውሃ፣ ግማሿ አየር ነበረች፤ ጎኗም በጣት ሲነኩት ጎድጎድ ይል ነበር። አሁን ሆዷ ተወጥሮ ክብ ሆናለች። ክዳኗን ሲጠመዝዙት ፍሽሽሽ ብላ ጮኸች። እናትዮዋ ደንግጠው ሊለቋት ነበር።

"በስመ አብ! ይኸን ማን ነፋው?"

ማንም አልነፋውም። ዳገቱ ነው የነፋው። ይህን ባሰብኩበት ቅጽበት ዓይኔ ወደ ወለሉ ወረደ። ጠርሙሷን ስንት ጊዜ ነው ያላየኋት? ድምጿን ስንት ጊዜ ነው ያልሰማሁት? ነጠላውን ገፍፌ ጣልኩት። ውሃው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድም ቡልቅታ የለም። በክዳኗ ላይ ያለችው አጭር ቱቦ አፏ ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፎባታል፤ በጣት ታሽቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ ዳር ዳሩ በጥፍር ተጠቅጥቆ። ሰም ነው። የጧፍ ሰም።

በጥፍሬ ፈንቅዬ አወጣሁት። ሃይላንዷ እንደጮኸችው ጠርሙሷም ጮኸች፣ ከእሷም በላይ። ከዚያ ውሃው እንደሚፈላ ድስት ተንተከተከ፣ ክዳኗን እስኪነካ ድረስ። ስንት አየር ነበር እዚያ ደረት ውስጥ የታጨቀው! ተንተከተከ፣ ተንተከተከ፣ ቀስ እያለ ሰከነ። የልጁ ጎን ዝቅ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ። የአንገቱ ሥሮች ረገቡ። ጣቱ ላይ ያለው ቁጥር ጥቂት ቆይቶ መውጣት ጀመረ። ልጁ ዓይኑን ገልጦ ፈለገና በማስኩ ውስጥ "እማ" አለ።

እኔ ተንበርክኬ ቀረሁ። ትንሽ ስረጋጋ ንዴቱ መጣ።

"ለምን? ለምን ይደፍኑታል? ሊሞትብዎት ነበር እኮ!"

እናትዮዋ ሰሙን ከእጄ ላይ አዩት። ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ነጠላቸውን ከወለሉ አንስተው እንዲህ አሉኝ።

"ልጀ በተነፈሰ ቁጥር እዚያ ውሃ ውስጥ ቡልቅ ይላል። ትንፋሹ እኮ ነው። እናንተ ከላይ በብረቱ ትሰጡታላችሁ፣ ከታች በዚች ቀዳዳ ይፈሳል። ገና ስንነሳ አየሁት። ትነግሪኝ ይሆናል ብየ ጠበቅሁ፣ አልነገርሽኝም። አንች ብረቱን ነው የምታይው። እስከ ባሕር ዳር ድረስ እንዲህ ሲፈስ ቢሄድ ምን ይተርፈዋል? ቅል ሲያፈስ በሰም ነው የምንደፍነው። ደፈንሁት። አልቆበት እንዳይሞት ብየ ነው።"

አጠገቤ ተቀምጠው፣ የልጃቸው እስትንፋስ በየቡልቅታው ሲያልቅ እያዩ፣ ከአውድማው አምልጦ የደረሰ ልጅ እንደሚያፈስ ቅል እየጎደለባቸው ነበር የመጡት። እኔ ደግሞ እጃቸውን ስጠብቅ ነበር። እጃቸው የሚሄድበትን ቦታ ሁሉ ጠረጠርኩ፣ ራሴ ካስያዝኳቸው ጠርሙስ በስተቀር።

ሃይላንዷን ከእጃቸው ተቀብዬ አሳየኋቸው። የሚወጣው ልጃቸው የሚኖርበት ትንፋሽ አለመሆኑን፣ ከሳምባው ሾልኮ መንገድ የሳተ አየር መሆኑን ነገርኳቸው። መውጫ ካጣ ደረቱ ውስጥ እየታጨቀ ሳምባውን እንደሚጨፈልቀው፤ ዳገቱ ደግሞ ያንን የታጨቀ አየር እንደ ሃይላንዷ እንደሚነፋው። ዳገቱ ብቻውን ይህን ሁሉ አያደርግም ነበር፤ ግን ቀዳዳዋ ከተዘጋች በኋላ ዳገቱም አላዘነልንም። እናትዮዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ጠርሙሷ አስጠጉ።

"እንግዲህ ቡልቅ ሲል ነው ደስ የሚለን?"

"አዎ፣ እማማ። ቡልቅታው ቀስ በቀስ ቀንሶ፣ ቀዳዳዋ ተከፍታ እያለች በራሱ ሲቆም ያን ጊዜ ድኗል።"

"በራሱ ሲቆም" ብለው ደገሙት።

ቀሪውን መንገድ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሱም። ሾፌሩ ከፊት ሆኖ "ሲስተር፣ እኔስ ነጻ ወጣሁ?" አለኝ። ነጻ ነህ አልኩት፤ ሲሊንደሩም ነጻ ነው። መርፌዋን ግን ዳንግላ ላይም መራዊ ላይም መታ መታ አደረግኋት፣ ጠባይ አይለቅም። ቁልቁል ስንወርድ እናትዮዋ ዳገቱ ላይ ከድነዋት የነበረችው ሃይላንድ ጎኗ ተጨማዶ ወደ ውስጥ ገባ። አንስተው ዓይናቸው ላይ አስጠጉና እኔን አዩኝ። ከዚያ ክዳኗን ላላ አደረጉላት።

ባሕር ዳር ደርሰን በሽተኛውን ወደ ድንገተኛ ክፍል አስገባነው። አንድ ወጣት ነርስ ጠርሙሷን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እናትዮዋ አቀርቅረው ከጉልበታቸው ዝቅ አድርገው ያዟትና ወደ ኋላ ሸሹ።

"ቀዳዳዋን እንዳትነካ!"

"እማማ፣ እኛ እናውቀዋለን።"

"እናውቃለን ነው የሚሉት ሁሉም" አሉ። ነርሱ ዞሮ አየኝ። ተዋቸው አልኩት። እናትዮዋ እስከ አልጋው ድረስ ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ፣ ራሳቸው ወለሉ ላይ አስቀመጧት።

ከዚያ አስታማሚዎች ይውጡ ተባለ። ሐኪሙ እስኪመጣና አይቶ እስኪጨርስ ማንም እዚያ አይቆምም። እናትዮዋ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኙት። አልጋ የሚገፋውን፣ መርፌ የያዘችውን፣ ወለል የምታጸዳውን ሴት፣ አንድ በአንድ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። ማንንም አላመኑም። እኔ ሪፈሩን አስፈርሜ መመለሴ ነበር፤ ሾፌሩ ውጭ ክላክስ ያደርጋል፣ ሌላ በሽተኛ ይጠብቀናል። ክንዴን ያዙኝ።

"አንች ቁሚልኝ" አሉኝ።

"እኔ? ቅድም እንደዚያ ተናግሬዎት?"

"ለዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ እጀን ስትጠብቂ የዋልሽ አንች ነሽ። አሁን የነሱን እጅ ጠብቂልኝ።"

ይህን ብለው ወጡ። በሩ ላይ ደርሰው እንኳ አልዞሩም። ሾፌሩ እንደገና ክላክስ አደረገ። እኔ አልጋው ግርጌ ላይ፣ ከጠርሙሷ አጠገብ ቆምኩ፣ ሐኪሙ እስኪመጣ ድረስም እዚያው ቆየሁ።